የሚያዝያ ቤንዚን

ሎሬይን የኋላውን በር ገፍታ ስትገባ አባቷ ስልክ ላይ ነበሩ። ጫማዋን ልታወልቅ በረንዳው ላይ ጎንበስ እንዳለች ድምፃቸው ከወጥ ቤት መጣላት። ሌላ ጊዜ ስልክ ሲያወሩ ሐይቁ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል የሚጮኹት ሰውዬ ዛሬ ዝግ ብለው ነበር የሚናገሩት። "አይ ቬርና፣ ዘንድሮ ሌላ ሰው ብትፈልጊ ነው የሚሻለው" ይላሉ። "ማሽኗማ ምን ትሆናለች። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ቤንዚኑን ሳላወጣ ነው የከረምኩት። አዎ፣ እኔ። እኔው ራሴ።" ከዚያ ዝም አሉ፤ ጎረቤታቸው ቬርና በወዲያኛው ጫፍ እያጽናኗቸው እንደሆነ ያስታውቃል። "ይህን የሚረሳ ሰው ስለት ያለው ማሽን ይዞ በሰው ደጅ ማለፍ የለበትም" አሉና ስልኩን ዘጉ። ሎሬይን አንድ እግሯን ከጫማው አውጥታ፣ አንዱን እንዳጠለቀች፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ቆማ ቀረች። ያንን ቤንዚን ማን እንደጨመረው የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች።

በአሜሪካዋ ዱሉት ከተማ፣ ሐይቁን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ፣ ሰው የሚከበረው በመኪናው አይደለም። በረዶ ባደረ ማለዳ የጎረቤቱን ደጅ ሳይጠየቅ ጠርጎ፣ ምስጋና ሳይጠብቅ ወደ ቤቱ የሚገባ ነው ሰው የሚባለው። የሎሬይን አባት ሬይኖ ካንጋስ በመንገዳቸው ላይ የእንዲህ ያሉት ሰዎች አውራ ነበሩ። የቬርና ባል ከሞተ ወዲህ የቬርናን ደጅ ሳይጠርጉ አንድም ክረምት አሳልፈው አያውቁም። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መንገዱን ሲጠርግ በየሰው መግቢያ ላይ ከምሮት የሚሄድ የበረዶ ግድግዳ አለ፤ ካደረ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሬይኖ ብርቱካናማዋን የበረዶ መጥረጊያ ማሽናቸውን ተከትለው ይህን ግድግዳ ቁርስ ሳይቀርብ ያፈርሱታል። ለማሽኗ የሚያደርጉትን እንክብካቤም ለሟች ሚስታቸው አድርገውት እንደሆነ ይጠየቁ ነበር፣ በቀልድ። ካንዴላዋ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ዘይቷ ይለወጣል፣ ቺንጋዋ ይፈተሻል። ከሁሉ በላይ ግን የሚያዝያው ሥርዓት ነበረ። የመጨረሻው በረዶ ሲቀልጥ ማሽኗን ደጅ አውጥተው ያስነሷትና ቤንዚኗ ተሟጥጦ፣ አንዴ ሁለቴ አስላ በራሷ ጊዜ እስክትጠፋ ድረስ አጠገቧ ቆመው ይጠብቃሉ። ቤንዚን ታንክ ውስጥ ከከረመ ይበላሻል፤ ሙጫ ሆኖ ካርቡሬተሩን ይደፍነዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለሳቸው ይህ ነው። ኅዳር ላይ ገመድ እየጎተተ የሚሳደብ ጎረቤት ባዩ ቁጥር በመስኮት ሆነው "ይሄ ሰነፍ ሚያዝያን ተኝቶበት ነበር" ይላሉ። "ሚያዝያን የተኛ" በእነሱ ቤት ከባድ ስድብ ነበር።

ዘንድሮ በበጋው የሬይኖ ልብ ታመመ። አንድ የደም ሥር ተዘግቶ ተገኘ፤ ሐኪሙ ከፈተላቸውና ከብርድና ከከባድ ሥራ እንዲርቁ አስጠነቀቃቸው። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ማሽኗ ራሷ ነው የምትሄደው፣ እኔ ተከትያት ነው የምንሸራሸረው ይላሉ። ሎሬይን ለመነች፣ ተቆጣች፣ አንድ ቀን እንደውም አለቀሰች። በየዓመቱ በረዶ በገባ ቁጥር ከሠፈሩ አንድ ሽማግሌ ደጁ ላይ ተደፍቶ ይገኛል፤ በእነዚያ ቀብሮች ሁሉ እሷ የምታየው ሣጥኑን ሳይሆን አጠገቧ የተቀመጡትን አባቷን ነበር። ጥቅምት ላይ አባቷ ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት ጋራዥ ገባችና፣ ከራሷ ቤት ያመጣችውን፣ ሁለት ዓመት ተረስቶ ሻይ የመሰለውን ቤንዚን ባዶው ታንክ ውስጥ ገለበጠችው። ሐሳቧ ማሽኗ እንዳትነሳ ብቻ ነበር። ይታገሏታል፣ ይሰለቻሉ፣ በዚያው ይተውታል ብላ ነው። ሰው የገዛ አባቱን እንደ ልጅ ሊያታልል ሲነሳ የሚያስበው ይህንኑ ያህል ነው።

ነገሩ እንዳሰበችው አልሄደም። ሬይኖ አዲስ ቤንዚን ሊጨምሩ ክዳኑን ሲከፍቱ ያ የኮመጠጠ ሽታ ፊታቸውን መታቸው። እሷም አጠገባቸው ቆማ ነበር። አሸተቱ፣ ጣታቸውን ነክረው አዩት፣ ደግመው አሸተቱ፤ ከዚያ ቀና ብለው "ሎሬይን፣ ሚያዝያ ላይ አላወጣሁትም እንዴ?" ብለው ጠየቋት። የጠየቁት ከልባቸው ነበር። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር መናገር ይቻል ነበር፤ ተቆጥተው፣ ሰድበዋት፣ ለሳምንት አኩርፈዋት ያልፍ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ "እንግዲህ ሳትረሳው አትቀርም አባዬ" አለች። ሬይኖ ክዳኑን መልሰው ዘጉት። የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር፤ ካርቡሬተሩን ፈተው ማጽዳት ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሠሩት ነው። አልነኳትም። ከዚያን ቀን ወዲህ በሩን ቆልፈው ተመልሰው ይሞክሩታል፤ ቅዳሜ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚጫወቱትን ካርታ የማይረባ ሰበብ ሰጥተው ተዉት፤ ወሬ ጀምረው መሐል ላይ ቆም ይሉና የሰሚውን ፊት ያያሉ፣ ይህን ከዚህ በፊት ነግሬህ ይሆን በሚል ዓይን። ሎሬይን የፈለገችው ሆነላት። ከፈለገችው በላይ ሆነላት።

"መጣሽ?" አሉ አባቷ ወጥ ቤት ስትገባ። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር የሚጠብቋት። ስልኩን እንዳልሰማች ሆና ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ ያመጣችውን ወተትና እንቁላል አስገባች። እንቁላል እንደገና ጨምሯል አለቻቸው። ምን ያልጨመረ አለ አሉ፤ ለመንገድ የሚበተነው ጨው ራሱ ከረጢቱ አሥራ ሁለት ዶላር ገብቷል። ሬዲዮው ማምሻውን ከሐይቁ የሚነሳ ከባድ በረዶ አለ ይላል። በዚያች ጠባብ ወጥ ቤት የግድግዳው ሰዓት ድምፅ ሁልጊዜ እንዲህ ጎልቶ ይሰማ እንደነበር ሎሬይን አላስታወሰችም። ዛሬ የሚሄዱት አዲስ የበረዶ ማሽን ሊመርጡ ነው፤ ሐሳቡ የሬይኖ ነው። ለራሳቸው ግን አይደለም። "አንቺ የምትገፊው ዓይነት ነው የሚያስፈልገን" አሉ እየተነሱ። "ከእንግዲህ ይህን ደጅ የምትጠርጊው አንቺ ነሽ።" ቅሬታ እንኳ አልነበረበትም አነጋገራቸው።

ሱቁ ከኮረብታው ሥር ነው፤ ጎማና አዲስ ቀለም ይሸታል። ባለቤቱ ዱዌይን ሬይኖን የሚያውቃቸው ሲከራከሩት ነው። ለደንበኛ ስለ ማሽን ሲያስረዳ ከኋላ መጥተው እርማት የሚሰጡት፣ አንዳንዴም ደንበኛውን ይዘውበት ወደ ሌላኛው ማሽን የሚሄዱ ሰው ናቸው። ዛሬም ከሩቅ ሲያያቸው እጁን ዘረጋና "ሬይኖ! ሱቁን ለቅቄ ልውጣልህ ወይስ ጥግ ይዤ ልስማህ?" አላቸው። ሬይኖ በከንፈራቸው ብቻ ፈገግ አሉ። ማሽኖቹ በመጠን በመጠናቸው ተደርድረዋል፤ ትልልቆቹ ከፊት፣ በባትሪ የሚሠሩት ትንንሾቹ ከግድግዳው ጥግ። ዱዌይን ለሎሬይን መሆኑን ሲሰማ በቀጥታ ወደ ጥግ ወሰዳቸው። ይችን ውሰጂ አላት፤ ቤንዚን የለ፣ ዘይት የለ፣ ገመድ መጎተት የለ፣ ቁልፉን ተጫንሽ ተነሳች፤ ሚስቴ በአንድ እጇ ነው የምትገፋት። ዋጋዋም ስምንት መቶ ዶላር ነው፤ እነዚያ ትልልቆቹ እጥፍ ናቸው።

ማሽኗ ተአምር ነበረች። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለችው ቀላል ማሽን የላስቲክ ምላጯ መሬቱን እየፋቀ ነው የሚሄደው፤ ለሲሚንቶ ደጅ ነው የተሠራችው። የሬይኖ ደጅ ከመንገዱ እስከ ጋራዡ ድረስ ጠጠር ነው። ጠጠር ላይ ከሄደች ድንጋዩን እያፈሰች እንደ ወንጭፍ ትተኩሰዋለች፤ የቬርና መስኮት ቅርብ ነው። ለጠጠር የሚሆነው ከመሬት ከፍ ተደርጎ የሚስተካከለው ትልቁ ብቻ ነው። ሎሬይን ይህን በልጅነቷ እንደ ጸሎት ሰምታው ያደገችው ነገር ነው፤ ከሳቸው አፍ። ስለዚህ ጠበቀች። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ዱዌይንን ድራሹን ያጠፉታል ብላ ጠበቀች። ሬይኖ ጎንበስ ብለው ላስቲኩን በአውራ ጣታቸው ነኩት። አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ገጠሙት። ከዚያ ቀና ብለው "አንቺ እንዳየሽው" አሉ። ዱዌይን ራሱ ግራ ገብቶት አንዴ እሳቸውን አንዴ እሷን አየ።

"ደጃችን ጠጠር ነው" አለች ሎሬይን በመጨረሻ። ዱዌይን ግንባሩን መታና፣ ምነው ሬይኖ ዝም አልከኝ፣ ጠላትህ ሆንኩ እንዴ አለ። ሬይኖ "አንድ ቀን እንኳ ያለ እኔ ሥራ ብዬ ነው" አሉ፤ ለመቀለድ ነበር፤ ዱዌይንም ለጨዋነት ያህል ሳቀላቸው። ሎሬይን አስበንበት እንመለሳለን ብላ ክንዳቸውን ይዛ ወጣች። ክንዳቸው በካፖርቱ ውስጥ እንዴት ቀጥኖ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው።

መኪናው ኮረብታውን አጋመሰ። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ሬይኖ ወደ ሐይቁ እንዳዩ፣ "ጠጠር ላይ እንደማይሆን መስሎኝ ነበር" አሉ። "ግን ገልብጬ ይዤው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ዱዌይን ፊት ከምዋረድ ዝም ማለቱ ይሻላል።" ሎሬይን መሪውን ጨብጣ መብራቱን አየች። አሁን ንገሪው አለች ለራሷ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ነዳች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አንዳንዱ እውነት ግን እያደረ የሚከብድ ነው፣ ባደረ ቁጥር እንደሚጠነክር በረዶ፤ እሷም በየቀኑ ነገ እላለሁ እያለች ነበር የከመረችው። ወደ ሠፈራቸው ሲታጠፉ አንድ ሰውዬ በቬርና መግቢያ ግራና ቀኝ ረዣዥም ብርቱካናማ እንጨቶች በመዶሻ ይተክላል። በክፍያ በረዶ የሚጠርጉ ሰዎች መኪናቸው ሣሩ ላይ እንዳይወጣ የሚተክሉት ምልክት ነው። በሬይኖ ዘመን በዚያ ደጅ ተተክሎ አያውቅም። ሬይኖ አንገታቸውን አዙረው እስኪያልፉት ድረስ አዩት። "ቶሎ አገኘች። ጥሩ ነው" አሉ።

ምሳ የሩዝ ሾርባ ነበር፤ ባለፈው እሑድ ራሷ ሠርታ ያስቀመጠችላቸው። ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። ሬይኖ ሾርባው ጨው እንደጎደለው አልተናገሩም፤ ጎድሎታል፣ እሷም ታውቀዋለች። እናቷ በሕይወት ሳለች በዚህ ጠረጴዛ ላይ ስለ ጨው የማይነሳ ጭቅጭቅ አልነበረም፤ ከሾርባው ይልቅ ጭቅጭቁ ነበር የሚጣፍጠው። ሬይኖ ሳህናቸውን ሳይጨርሱ ገፋ አደረጉና ኪሳቸውን ዳበሱ። የመኪናቸውን ቁልፍ አውጥተው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ በሁለት ጣታቸው ወደ እሷ ገፉት።

"ውሰጅው" አሉ። "ቤንዚን የረሳ ፍሬንም ይረሳል። የሰው ልጅ ገጭቼ ከማውቀው አሁን ልወቀው።"

ሎሬይን ቁልፉን አየችው። ያንን ቤንዚን ስትገለብጥ የፈራችው ሞታቸውን ነበር፤ አሁን ፊት ለፊቷ ተቀምጠው፣ ሳይሞቱ፣ ቁራጭ በቁራጭ ራሳቸውን እየሰጧት ነው። እጇ ቁልፉን ለመንካት እምቢ አለ። "አባዬ" አለች። "አንተ አልረሳኸውም። ሚያዝያ ላይ አውጥተኸዋል፤ ታንኩ ባዶ ነበር። የተበላሸ ቤንዚን አምጥቼ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። እንዳትወጣ ብዬ ነው። እንዳትሞትብኝ ብዬ።"

ሬይኖ ለጊዜው የገባቸው አይመስልም ነበር። የሚጮኹ መስሏት አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ጩኸቱን ፈልጋውም ነበር። እሳቸው ግን ዝግ ባለ ድምፅ "ባዶ ነበር?" አሉ።

"ደረቅ ነበር አባዬ።"

ተነሱ። ካፖርታቸውን ሳይቆልፉ በኋላው በር ወጡና ወደ ጋራዡ ሄዱ፤ እሷም እንደ ጥፋተኛ ልጅ ተከተለቻቸው። መብራቱን አበሩ፣ ማሽኗን ከጥግ ጎትተው አወጧት። ያንን ሻይ መሳይ ቤንዚን በጎማ ቱቦ ወደ ጀሪካን ቀዱት። የካርቡሬተሩን ቡሎን ፈቱ፣ ሙጫውን ጠረጉ፣ የመርፌ ያህል የሆነችውን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ወግተው ወደ አምፖሉ አንስተው ብርሃን እስኪያሳልፍ አዩት። ሎሬይን ባትሪ ይዛ ታበራላቸዋለች። ለአንድ ወር ሙሉ በር ለመቆለፍ ሲያመነቱ ያየቻቸው እጆች አሁን የትኛው ዕቃ የት እንዳለ ሳያዩ ያነሳሉ። መሐል ላይ እናቷ የምትዘፍነውን አንድ የፊንላንድ ዜማ በአፍንጫቸው ሲያንጎራጉሩ ሰማቻቸውና ማልቀስ አማራት። አዲስ ቤንዚን ጨመሩ፣ ገመዱን ሳቡ፤ እሷ ልሳብልህ ብትላቸው በክንዳቸው ገለል አደረጓት። በሦስተኛው ማሽኗ አስላ፣ ጥቁር ጭስ ተፋችና ተነሳች። ሬይኖ ሳቁ። ከዚያ በጋ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየቻቸውም። "አውጥቼው ነበር!" አሉ በሞተሩ ድምፅ ላይ። "ሚያዝያ ላይ እዚህች ቦታ ቆሜ፣ አውጥቼው ነበር!" በተከፈተው የጋራዥ በር የመጀመሪያው በረዶ መውረድ ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ሞተሩን አጠፉት። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ እሷ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ሳቁ ገና አልጠፋም። "ታዲያ ምድጃውስ?" አሉ። "እሱንም አንቺ ነሽ?"

የምድጃው ነገር የሆነው መስከረም ላይ ነው። ቬርና ከሬይኖ ወጥ ቤት ጭስ ሲወጣ አይተው፣ በራሳቸው ቤት በሚቀመጠው ትርፍ ቁልፍ ከፍተው ገቡ፤ ድስቱ ከስሎ፣ ምድጃው እንደበራ፣ ሬይኖ ሳሎን ወንበራቸው ላይ ተኝተው ነበር። ምድጃውን አጥፍተው፣ መስኮት ከፍተው፣ ለሎሬይን ደወሉ። ሬይኖ ሲነቁ የነገረቻቸው ሎሬይን ነች። ድስት መጣዳቸውን ጨርሶ አያስታውሱም ነበር፤ ከሀፍረታቸውም የተነሳ ነገሩን ለቬርና አንስተው አያውቁም። አሁን ጨርቁን እንደያዙ መልሷን ይጠብቃሉ፤ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ተስፋ ለማየት የሚያስፈራ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ናት። አዎ ብትላቸው ዛሬ ማታ ሰላም አድረው፣ ነገ ካርታቸውን ተጫውተው፣ ከነገ ወዲያ ድስት ጥደው ይተኛሉ።

"አይ አባዬ" አለች። "ምድጃውን የረሳኸው አንተ ነህ።"

ሬይኖ እጃቸውን መጥረጋቸውን አላቆሙም፤ ንጹሕ ሆነዋል፣ ግን ይጠርጋሉ። "በምን አውቃለሁ?" አሉ።

"እውነቴን ነው።"

"የቤንዚኑንም ቀን ይሄንኑ ፊት ነበር የያዝሽው።" የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ የማሽን ብልሽት የሚፈልጉ ይመስል ፊቷን አንድ በአንድ እያዩ ነበር። "እኔ ከእንግዲህ የረሳሁትን የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኛል፣ ሎሬይን። ያ ሰው አንቺ ነሽ ብዬ ነበር።"

ጨርቁን አጥፈው ማሽኗ ላይ አስቀመጡት። "ቬርናን ልጠይቅ" አሉና ኮፍያቸውን ሳያደርጉ ወጡ። ሎሬይን ከጋራዡ በር ላይ ሆና ጠጠሩን ሲያቋርጡ፣ በብርቱካናማዎቹ እንጨቶች መካከል አልፈው ደረጃውን ሲወጡ፣ በሩን ሲያንኳኩ አየቻቸው። ቬርና ከፈቱ። የሚሉት አይሰማም። አባቷ ረዘም ላለ ጊዜ ተናገሩ፤ ቬርና መጀመሪያ አሻግረው ሎሬይንን አዩ፣ ከዚያ ወደ ሬይኖ መለሱና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሎሬይን ሴትዮዋ አይ ይላሉ ብላ ተስፋ ስታደርግ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባት። ሬይኖ አንገታቸውን ደፉ፤ ነጭ ጸጉራቸው ላይ በረዶው ያርፋል። ቬርና ክንዳቸውን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧቸውና በሩን ዘጉ። ሎሬይን ከማሽኗ አጠገብ ቆማ ብዙ ጠበቀች፤ የጠራት ሰው አልነበረም።